ሰባት ባቄላና የእማማ ለምለም ሳህን

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

አራት ሰዓት ሳይሞላ ሰባቱም ባቄላ አለቀ።

ከማንም አልተጣላሁም። ማንንም አልሰደብኩም። እንደ ወትሮዬ አወራሁ እንጂ ሌላ ምንም አላደረግኩም፤ ጉዱም እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን መምሬን ከወይራው ሥር አገኘኋቸውና ሆዴን ዘረገፍኩላቸው። የባለቤቴን የሞላን እናት፣ እማማ ለምለምን፣ ከገጠር ከደሃና ካመጣናቸው ሦስት ሳምንት ሆነ። እዚያ ማንም አልቀረላቸውም። አንዷ ልጃቸው ዐረብ አገር ናት፣ ሁለቱ አዲስ አበባ፤ ጎረቤቱም ግማሹ በሩን ዘግቶ ሄዷል። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኳቸው፣ እግዜር ያውቃል። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞርኩላቸው። ሰማያዊ አበባ ያለበት አዲስ ነጭ ሳህን ለሳቸው ብቻ ገዛሁ። እሳቸው ግን ሁለት ጉርሻ ይቀምሱና «ጠገብኩ ልጄ፣ ይስጥልኝ» ብለው ሳህኑን ይገፉታል። ጉንጫቸው ገባ። መቀነታቸው አንድ ዙር ጨመረ። እኔም አንድ ቀን ሆድ ቢብሰኝ ለጎረቤቴ ለስንዱ «ምግቤን ተጸየፉት» አልኳት። ለስንዱ መንገር ማለት ለከተማችን ለሰቆጣ በሙሉ መንገር ማለት ነው።

ይህን ተናዘዝኩ። መቶ ስግደት ጠብቄ ነበር። መምሬ ሳቁ።

«ስግደትማ ላንቺ ምን ያደርጋል አልማዝ፣ እየሰገድሽም ታወሪያለሽ። ይልቅ ሰባት ቀን፣ ሰው ሲያናግርሽ ቃሉን አትቁረጪበት። ጨርሶ ዝም ሲል አንዴ ተንፍሺ። ከዚያ መልሺ። ደግሞም እጅሽ ባለበት...»

«በቃ? ይኸው ብቻ ነው አባ?»

«ይኸውልሽ፣ አልጨረስኩም እኮ» አሉኝ።

እጅሽ ባለበት ዓይንሽም ልብሽም እዚያው ይዋሉ ሊሉኝ ነበር ለካ። ቃሏ ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ አብራኝ መጣች፣ እንደ ትንሽ ደወል።

ባቄላው ግን የራሴ ሐሳብ ነው። ዛሬ ጠዋት ሰባት ፍሬ ቆጥሬ በሽርጤ ግራ ኪስ ከተትኩ። የሰው ቃል በቆረጥኩ ቁጥር አንዷ ወደ ቀኝ ኪስ ትሻገራለች። ሲመሽ በግራ የቀረው ድሌ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማን ማን ወሰዳቸው?

አንዷን ሞላ። ካልሲውን ሊጠይቀኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ስለ ካልሲ መሆኑን ከፊቱ አወቅኩና መለስኩለት።

ሁለቱን ስንዱ። እሷ ግን እኔንም ትቆርጠኛለች፣ አይጣጣም ወይ?

አንዷን ማር ሊገዛ የመጣ የባጃጅ ሹፌር።

ሦስቱን እማማ ለምለም።

ይህችኛዋ አመመችኝ። እሳቸው እኮ ከጠዋት እስከ ረፋድ ቢናገሩ ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቱንም ቆርጬባቸዋለሁ። ቁርስ ላይ «ልጄ፣ ይሄ ሳህን...» ብለው ሲጀምሩ «ጠበበዎ አይደል? ሰፊ አመጣለሁ!» ብዬ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ስመለስ አፋቸው ተዘግቶ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልጻፍ፣ ለወረቀት ነውና አይቆጠርብኝም። ባመጣናቸው በሁለተኛው ቀን ሐኪም ጋ ወስደናቸው ነበር። ደም ግፊታቸው ከፍ ብሏል፣ ጨው ይቅርባቸው ብሎ ለሞላ ነገረው። ሞላ እኔን አስማለኝ። «እንዳትነግሪያት። ከደነገጠች ግፊቱ ይብስባታል።» ስለዚህ ክኒኑን «ለጉልበትዎ ነው» እያልን እንሰጣቸዋለን። ምግባቸውንም ያለ ጨው፣ ለብቻው፣ በሳህናቸው አቀርባለሁ። እኔ፣ ሁሉን የማወራ ሴት፣ ይህችን አንዲት ነገር ሦስት ሳምንት ጥርሴን ነክሼ ይዣለሁ። ኩራቴ ናት።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ሁለት ባቄላ በግራ ኪሴ ዋለ! ሁለት!

ጠዋት ማር አጠለልኩ። ወደ መንገድ የምትከፈተዋ ክፍል ሱቄ ናት፣ ማርና ቅመም እሸጥባታለሁ። ስንት ዓመት ማር ሳጠልል ኖሬ አይቼው አላውቅም ለካ። እጄ ማሩ ላይ፣ ዓይኔ መንገዱ ላይ፣ አፌ ከስንዱ ጋር ነበር። ዛሬ ሦስቱንም አንድ ቦታ ሰበሰብኳቸው። ነጩ ማር ከሻሹ ሥር እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል። ታች ሲደርስ አይፈስም፣ ይታጠፋል፤ እጥፍ፣ እጥፍ፣ እንደ ታጠበ ነጠላ፣ ከዚያ እጥፋቱን ራሱ ቀስ ብሎ ይረሳዋል። ፀሐይ በበሩ ገብታ ጣሳው ውስጥ ተቀመጠች። እኔም አብሬያት የተቀመጥኩ መሰለኝ። አንዲት ንብ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ጣሳው ከንፈር ላይ ቆማ እግሯን ታብሳለች። እሷን ሳይ የሆነ ተራራ ላይ፣ አበባ መሃል ጋደም ያልኩ ያህል ሆንኩ። ሰዓቱ የት እንደሄደ አላውቅም። ተመልሶ ሲመጣ ስንዱ በሩ ላይ ቆማለች።

«አንቺ! ጥርስሽን ነቀሉሽ እንዴ?»

ተነፈስኩ።

«ኧረ ተናገሪ! ሞላ ተቆጣሽ?»

ተነፈስኩ።

«ወይኔ ጓደኛዬን! አፏ ተያዘ!» ብላ ልትጮህ ስትል ሳቅ አመለጠኝና ማሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማር የሚያመጡልኝ የደሃናው ሽማግሌ መጡ። «ዘንድሮ ማሩ ጥሩ ነው» አሉ። ወትሮ ቢሆን ስለ ማሩ እኔ ነበርኩ የምነግራቸው። ተነፈስኩ። ጀሪካኑን እየከደኑ «ልጄ ከሄደች ወዲህ ቀፎውን ብቻዬን ነው የማየው። እሷ ነበረች ጭሱን የምትይዝልኝ» አሉ። ሰባት ዓመት ደንበኛዬ ናቸው። ሴት ልጅ እንዳለቻቸው አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ያገኘሁት ይህ ነው፦ ሰው ጨረሰ ስንል አልጨረሰም። የመጀመሪያውን የሚናገረው በር ለማንኳኳት ነው። የሚገባው በሁለተኛው ነው።

ሞላም ከቢሮ ገብቶ «ደከመኝ» አለ። የኔ መልስ «ማን ያልደከመው አለ» ነበር፣ ሃያ ሁለት ዓመት። ተነፈስኩ። ጫማውን እየፈታ፣ ቀና ሳይል፣ «እናቴ ዓይኔ እያየ እያለቀችብኝ ነው» አለ።

እማማ ለምለምም ሲመሽ ተናገሩ። ሲናገሩ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ያነሳሉ፤ ይህንንም ዛሬ ነው ያየሁት።

«ቅዳሜ ወደ አምደወርቅ የሚወጣ መኪና አለ አሉ።»

ተነፈስኩ። ምነው ባልተነፈስኩ።

«ልሄድ ነው። ቤቴ ልሂድ።»

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ስድስት ባቄላ በሞላ ላይ አለቀ። ሰባተኛዋን የት እንደጣልኳት አላውቅም፤ ቤቱን ጠርጌ አጣኋት።

«አትሄድም» ይላል። «በሩ ላይ እተኛለሁ» ይላል። እናቱ ነጠላቸውን ያጥፋሉ። መቋጠሪያቸውን አልጋው ሥር አየኋት፣ ተቋጥራለች።

የሚያሳስቡኝን ልደርድር፦

ከአምደወርቅ ወዲያ እስከ ቤታቸው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው።

ውኃው ቁልቁለት ነው፤ ሲመለሱ ዳገት።

ክኒኑን ማን ያስታውሳቸዋል?

ቢወድቁ ማን ይሰማል?

ዛሬ አንድም ጉርሻ አልቀመሱም። «ጾም ነው» አሉኝ። ጾሙ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አበቃ፤ የሳቸው አላበቃም። «በሞቴ» አልኳቸው፣ «አፈር ስሆን» አልኳቸው፣ ሳህኑን ይዤ ከላያቸው ቆምኩ። ዓይናቸውን ከሳህኑ ላይ አነሱና ወደ መንገዱ አዞሩት።

ቅዳሜ ሦስት ቀን ቀረው። አሁን የምፈራው አንድ ነገር ነው፦ ከሄዱ እንደማይመለሱ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ዛሬ ማውራት ሰለቸኝ። (ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ? ቀኑ ይመዝገብልኝ።)

ጠዋት ጉም ወርዶ ነበር። ከተማው የለም፣ ሆስፒታሉም፣ መናኸሪያውም የለም፤ እኔና የቤቴ በር ብቻ ነጭ ነገር ላይ ተንሳፍፈን ቀርተናል። በዚያ ላይ የአንዲት ፍየል ድምፅ፣ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ። ጥቁር አዝሙድ እየለቀምኩ፣ ማክሰኞ ማሩን እንዳየሁት እማማ ለምለምን ላያቸው ተቀመጥኩ። ምን ሆኑ ብዬ ሳልጠይቅ፣ ምን ላድርግ ብዬ ሳላስብ። ዝም ብሎ ማየት እንዲህ ሥራ መሆኑን ማን ነግሮኝ?

ሳህናቸውን ራሳቸው ያጥባሉ። ሁለት ጊዜ በአመድ፣ አንድ ጊዜ በፈላ ውኃ። ከኛ ሳህኖች ጋር አይደረድሩትም፣ መስኮቱ ላይ ለብቻው ይደፉታል። ኩባያቸውንም እንደዚያው። መቀመጫቸውን በሩ አጠገብ ያደረጉት መንገዱን ለማየት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ነፋሱ ወደ ውጭ የሚወጣበትን ቦታ መርጠው መሆኑ ታየኝ፤ አየሩ ሲዞር ወንበራቸውን ያዞራሉ።

ብቻቸውን ሲሆኑ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ያወራሉ። እኔ የምሰማው ግማሹን ነው። ሙሉውን ለመማር ሃያ ሁለት ዓመት ነበረኝ፤ ታግሼ ስለማላዳምጥ ግማሽ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ከዚያ ግማሽ አንድ ስም ለቀምኩ። ብርነሽ። ደጋግመው ጠሯት። ብርነሽ ማን ናት? ከሞላ እህቶች በዚህ ስም የምትጠራ የለችም።

ከምሳ በኋላ ስንዱ የልጅ ልጇን አዝላ መጣች። «ይመርቁልኝ እማማ» ብላ ሕፃኗን አቀረበችላቸው። ፊታቸው እንዴት እንደበራ! እጃቸው ተዘረጋ። ጉንጯ ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው መልሰው ሰበሰቡት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ወደ ኋላ ለጠጥ ብለው፣ «እደጊ፣ እናትሽን ጡሪ» አሏት ከሩቅ።

ስንዱ ስትወጣ በጆሮዬ «ይኸው፣ እኛንም ተጸየፉን» አለችኝ።

ተነፈስኩ። በዚያች ትንፋሽ መሃል እጃቸውን እንደገና አየሁት። የተጸየፈ ሰው እጁን መች ይዘረጋል? ዘርግተውት ነው የሰበሰቡት። የሰበሰበው ሌላ ነገር ነው። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ዛሬ አላወቅኩም።

ስድስቱ ባቄላ ስድስቱም በግራ ኪሴ ናቸው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

የዛሬውን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ግቢው ፀሐይ ሞልቷል። እማማ ለምለም በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ መቋጠሪያቸው ጉልበታቸው ሥር። ነገ ሊሄዱ ነው። የሚሄድ ሰው እግሩ ሳይታጠብ መሸኘት አልሆነልኝም። ውኃ አሙቄ፣ ሳፋውን አቅርቤ ተንበረከክሁ።

«ተይው ልጄ፣ አትንኪኝ» አሉ ነጠላቸውን አንስተው።

ተነፈስኩ። እግራቸውን ያዝኩ።

እጄ እግራቸው ላይ ነበር። ዓይኔም እዚያው። ልቤም እዚያው። ተረከዛቸው የግንቦት መሬት ነው፣ ስንጥቅ በስንጥቅ። በያንዳንዷ ስንጥቅ ውስጥ አንድ መንገድ ያለ መሰለኝ፤ ወደ ውኃው የሚወርድ፣ ወደ ገብሱ የሚወጣ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን። አንዱን በጣቴ ተከትዬ እሄዳለሁ፣ ሌላ ይጀምራል። ከአጥሩ ውጭ የሚያልፈው ባጃጅ ከሩቅ አገር የመጣ ይመስል ነበር። ምንም አላሰብኩም።

ድምፃቸው ከላዬ መጣ። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኽምጣኛ። ሁለቱንም ሰማሁት።

«ብርነሽ እህቴ ነበረች። ታላቄ። ሳል ያዛት፣ የሳንባ ነው ተባለ። አባቴ ከቤቱ ኋላ ጎጆ ሠራላት። ለብቻዋ ሳህን፣ ለብቻዋ ዋንጫ። ምግብ የማደርስላት እኔ ነበርኩ። እናቴ ‹ፊትሽን አዙሪ፣ ትንፋሿን አትሳቢ› ትለኛለች። ከበሩ ላይ አኖርላትና እሮጣለሁ። ‹ለምለም፣ ትንሽ ቁሚ› ትለኝ ነበር። አንድም ቀን አልቆምኩም።»

ተነፈስኩ። አንድ ትንፋሽ ለዚህ አይበቃም፤ ደግሜ ተነፈስኩ። እሳቸውም ሁለተኛውን ተናገሩ።

«አሁን ተራዬ ነው። አልከፋኝም። ሞላ ከሐኪሙ ጋር ሲያንሾካሽክ ጊዜ ጠረጠርኩ። አንቺ ሳህን ስትለዪልኝ አወቅኩ። ክኒኑስ? ጉልበቴን መች አመመኝ ብዬ አውቃለሁ? ክፉ ሰዎች አይደላችሁም። አንቺማ ከላዬ ቆመሽ ስትለምኚኝ ታሳዝኚኛለሽ። ምግቡ ግን አይወርድልኝም። ሳህኑን ባየሁ ቁጥር የሷ ሳህን ነው የሚመጣብኝ። ይሄን ነገር እናንተ ላይ ሳላራግፈው ቤቴ ልሂድ።»

ሦስት ሳምንት! ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ማር፣ ስለ ስንዱ፣ ስለ ኔትወርኩ፣ ስለ ሞላ አለቃ ሳወራላቸው ነበር። አንዲቱን ቃል ግን ቆልፌባት። «ኩራቴ ናት» ብዬ ሰኞ ጽፌያለሁ። አልሰርዘውም፣ ይታይ።

«እማማ» አልኩ፣ «የደም ግፊት ነው። የሳንባ አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። የተከለከሉት ጨው ብቻ ነው። ሳህንዎን የለየሁት የርስዎ ምግብ ጨው ስለሌለው ነው።»

«ጨው?»

«ጨው።»

ፊታቸውን አየሁ። አላመኑኝም። ለምን ያምኑኛል? ክኒኑን የጉልበት ነው ያልኩት እኔው ነኝ።

«ልትሸፍኚልኝ ነው» አሉ በዝግታ። «እግዜር ይስጥሽ።»

በቃል እንደማላሳምናቸው ገባኝ። ኩባያቸው መስኮቱ ላይ ነበር፣ ጠጥተው ያተረፉት ውኃ ግማሽ ድረስ አለ። ተነሳሁ። አነሳሁት።

«ልጄ! ተይ!» ብለው ጮኹ። ሲነሱ ሳፋው ተደፋ።

ጠጣሁት። ቀስ ብዬ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ እስከ ታች። ፀሐይ ላይ ስለዋለ ሞቅ ብሎ ነበር።

«ጨው ነው፣ እማማ።»

በተደፋው ውኃ መሃል ባዶ እግራቸውን ቆመው አዩኝ፤ ረጅም አዩኝ። ነጠላቸው ከአፋቸው ወረደ።

«ጨው» አሉ። «ጨው ብቻ?» ከዚያ ቁጭ አሉና አለቀሱ። ያ ለቅሶ ለኔ አልነበረም፣ ለራሳቸውም አልነበረም። አጠገባቸው እርጥቡ ላይ ተቀመጥኩ። «ትንሽ ቁሚ» ያለችውን፣ ዘግይተንም ቢሆን፣ ሁለታችን ቆምንላት።

ራት አንድ ትሪ ነው። አልጫ ሽሮ፣ ለሦስታችንም ያለ ጨው። ሞላ አንዴ ጎረሰና ማላመጡን አቆመ።

«አልማዝ፣ ጨው ረስተሻል።»

ተነፈስኩ። እናቱ ቀደሙኝ።

«አልረሳችም። በኔ ምክንያት ነው። ግፊት አለብኝ አይደል? ብላ!»

እኔን አየኝ። እሳቸውን አየ። ጆሮው ቀላ። ከዚያ አጎንብሶ ጉልበታቸውን ሳመና በላ። እማማ ለምለምም በሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ መቁጠሬን ተውኩ፤ ዓይኔ ለምን እንደ ዘበኛ ይቁምባቸው? እጃቸው ራሱ ወደኔ መጣ፣ ጠቅልሎ። ሦስት ሳምንት ስጠብቃት የኖርኩ ጉርሻ! እውነቱን ለመጻፍ፣ ምንም አትጣፍጥም። እንደሷ ያለች ግን በልቼ አላውቅም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ማለዳ የአምደወርቁ ሚኒባስ ጡሩምባውን እየነፋ በመንገዳችን መጣ። እማማ ለምለም በሩ ላይ ቆመው ነበር፣ መቋጠሪያቸው በእጃቸው። ሞላ ከኋላዬ ሆኖ ትከሻዬን ጨበጠ። ሩጪ፣ ያዢያቸው፣ መቋጠሪያውን ንጠቂ፣ ስንት ነገር በሆዴ ጮኸ። ተነፈስኩ። መሄድም ከፈለጉ፣ ደኅና መሆናቸውን አውቀው መሄድ መብታቸው ነው። ይህን ሳስብ ሆዴ ቀለለኝ፣ ፍርሃቴ ግን አልሄደም።

ሚኒባሱ ደጃችን ቆመ። ጠበቀ። አንዴ ነፋ። ሄደ።

«ገብሱ ሲታጨድ ግን ሄጄ አየዋለሁ» አሉ፣ አቧራውን እያዩ።

ተነፈስኩ።

«አንቺም ትመጪያለሽ። ብርነሽ ያለችበትን አሳይሻለሁ።»

እሺ አልኩ። ረጅሙን እሺ አላልኩም፣ አጭሩን ነው።

ከዚያ ወደ ስንዱ ሄድኩ። «ምግቤን ተጸየፉት ያልኩሽ ሐሰት ነው። የሳትኩት እኔ ነኝ። ለነገርሻቸው ሁሉ ንገሪልኝ።»

«ለነገርኳቸው ሁሉ? ኧረ ሳምንት ይፈጅብኛል!» አለችኝ። ከልቧ ነው የደነገጠችው።

ሕፃኗን ይዛ መጣች። እማማ ለምለም ተቀበሏት። ጉንጯን፣ አንገቷን፣ እግሯን ሳሙ፤ ሕፃኗ የነጠላቸውን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ታኝካለች፣ ማንም አልከለከላትም። ወንበራቸው ቤቱ መሃል ነው። እነሱን እያየሁ የደንበኛ ማር ከጣሳው አፍ እስኪፈስ ቀዳሁ። ዓይኔና እጄ ተለያዩ፤ ለዛሬ መምሬ ይቅር ይበሉኝ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

መምሬን ከወይራው ሥር አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ከባቄላው ጀምሮ።

«ባቄላ መች አዘዝኩሽ?» አሉ።

ተነፈስኩ። ጠበቅኩ። እሳቸውም ጠበቁ። ሁለታችንም ስንጠባበቅ ቆየንና በአንድ ጊዜ ሳቅን። ከዚያ መስቀላቸውን አሳልመውኝ «እንግዲህ ቀኖናሽ አለቀ። ትንፋሹን ግን አትመልሺልኝ፣ ያዢው» አሉኝ።

ቤት ስመለስ እማማ ለምለም ስንዴና ባቄላ ጥደዋል፣ ንፍሮ። ማን አዘዛቸው? ማንም። ከበሩ ሳልገባ «ጨው እንዳትጨምሪ!» ብለው ጮኹብኝ፣ እኔ ላይ! ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ ነገር በመዳፌ አኖሩ። ባቄላ። ሰባተኛዋ።

«ረቡዕ በሩ ሥር አገኘኋት። ሰሞኑን ኪስሽን ስትቆጥሪ አይሻለሁ፤ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል። ነገሩ ጤና አልመስል ብሎኝ፣ እንዳይደነግጥ ብዬ ለሞላ አልነገርኩትም።»

ልቤ እስኪጠፋ ሳቅኩ። እኔ ስለሳቸው ስደብቅ፣ እሳቸው ስለኔ ይደብቁልኝ ኖሯል! የባቄላውን ነገር ስነግራቸው እሳቸውም ሳቁ፣ አፋቸውን ሳይሸፍኑ። ከፊት ሁለት ጥርስ እንደሌላቸው ዛሬ ነው ያየሁት። እንዴት ያምርባቸዋል።

«ሰባት ነገር ውጠሽ ነዋ የሰነበትሽ» አሉና ያቺን አንዷን ከመዳፌ አንስተው ድስቱ ውስጥ ጣሏት። ስድስቱን እኔ ጨመርኩ።

ማክሰኞ ለግፊቱ ምርመራ እንሄዳለን፣ ሦስታችንም። ምን እንደሚሉን አላውቅም። የሚሉትን ግን እማማ ራሳቸው ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ሞላ እሺ ብሏል፣ ትንሽ ቢያንገራግርም። ክኒኑንም ከእንግዲህ በስሙ እንጠራዋለን።

ንፍሮው በስሎ በአንድ ትሪ ቀረበ። ሰባቱን ከሌላው ለይቼ ላገኛቸው ሞከርኩ፤ ሁሉም አብጠው፣ ለስልሰው፣ አንድ ሆነዋል። የትኞቹ የኔ እንደነበሩ፣ ማን እንደበላቸው አላወቅኩም። አበባ ያለበት ሳህን ከሌሎቹ ሳህኖች መሃል ተደርድሯል። ትሪው ባዶ ነው።